የበር ዋስ

ፈቃዱ የደረሰው ኅዳር ውስጥ ነው። ዳግም ስሙን ካስመዘገበ ስድስት ዓመት ሆኖት ስለነበር፣ መጀመሪያ የሌላ ሰው መልእክት በስሕተት የገባለት መሰለው። ደግሞ አነበበው። «የሸንኮሌ ሜዳ ብሔራዊ ፓርክ። አንድ መኪና። ሁለት ጎብኚ። ሦስት ቀን። አስጎብኚ፦ የለም። አሽከርካሪ፦ ሰው።»

የመጨረሻዋን ቃል ለሚስቱ ለሶልያና ጮክ ብሎ አነበበላት።

ሰው መኪና እንዳይነዳ በሕግ ከተከለከለ ሠላሳ ሁለት ዓመት አልፏል። ዳግም ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ የሚኒባስ ሾፌር ነበሩ፤ መኪናቸውን አስረክበው በእግራቸው ወደ ቤት ሲመጡ ቀኝ እጃቸው ማርሽ የሚፈልግ ይመስል እንደነበር ያስታውሳል። እሱ አድጎ በከተማው የአሳንሰር ቁጥጥር ክፍል ተቀጠረ። ቀኑን ሙሉ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል እንጂ አንድም ነገር ወደፈለገው አቅጣጫ አዙሮ አያውቅም። በሸንኮሌ ግን መሬቱ ላይ ምንም የመንገድ ምልክት እንዳይተከል ስለተወሰነ መኪና ብቻውን መሄድ አይችልም። በሀገሪቱ ሰው መሪ የሚይዝበት ቦታ እሱ ብቻ ቀርቷል። ዝሆንም የቀረው እዚያው ነው። ሶልያና የፈለገችው ዝሆኑን ነው።

ዝግጅቱ ሁለት ወር ፈጀ። ጊዜውን የካቲት መጀመሪያ አደረጉት፤ ያን ጊዜ ሣሩ ይጠወልጋል፣ ኩሬዎቹ ይደርቃሉ፣ አውሬውም ውሃ ባለባቸው ጥቂት ቦታዎች ይሰበሰባል። ዳግም ማታ ማታ ካርታውን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ መንገዱን በእርሳስ ያሰምራል። ሶልያና ውሃውን ታሰላለች፦ ለአንድ ሰው በቀን አምስት ሊትር፣ አሥር ሊትር መጠባበቂያ። የሚያድሩት መኪናው ውስጥ ነው። የሚበሉትም፣ ሌላውንም ነገር የሚያደርጉት እዚያው ነው። በሸንኮሌ ከመኪና መውረድ ክልክል ነው።

ስለዚህ ተለማመዱ። ቅዳሜ ጠዋት ሳሎን ውስጥ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ያስቀምጡና እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይነሡም። ለእሱ አፉ ሰፊ የሆነ ጠርሙስ፣ ለእሷ ክዳን ያለው ባልዲ አዘጋጁ፤ በመካከል አንሶላ ይወርዳል። ሁለቱ ልጆቻቸው ምሳ በ«መስኮት» ያቀብሏቸዋል። ዳግም የድስት ክዳን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሶልያና በአራተኛው ሰዓት ላይ ሳቀች፣ በስድስተኛው አለቀሰች፣ በሰባተኛው ለመደችው።

የቀረው ዋስ ነው።

በፊት የነበረው የገንዘብ ቅጣት ነበር። ባለጸጎች ቅጣቱን ቀድመው እየከፈሉ መውረድ ጀመሩ፤ ወርደው ከአንበሳ ጋር ፎቶ ሲነሡ የተበሉም ነበሩ። ሰው የበላ አንበሳ ደግሞ መገደል ስለነበረበት ከአርባው አንበሳ አሥራ አንዱ በሦስት ዓመት ውስጥ አለቀ። በመጨረሻ አንድ ኮሚቴ ተቀምጦ «ሀገር በቀል መፍትሔ» ያለውን አወጣ። ሕዝባችን ቅጣት አይፈራም፣ ዋሱን ግን ያፍራል፤ ይላል የኮሚቴው ጽሑፍ። ሰው የበላ አንበሳም ከዚያ ወዲህ አይገደልም ተባለ።

መመሪያው አጭር ነው። ዋሱ ቋሚ ሥራ ያለው፣ አመልካቹን ቢያንስ አምስት ዓመት የሚያውቅ፣ በራሱ ፈቃድ የፈረመ መሆን አለበት። ጎብኚው ፓርኩ ውስጥ ባለበት ጊዜ ሁሉ በሩ ላይ ባለው ማረፊያ ይቆያል። ጎብኚው ከመኪና ከወረደ፣ ለወረደበት ለእያንዳንዱ ደቂቃ ዋሱ አሥር ደቂቃ ከአጥሩ ወዲያ፣ ሜዳው ላይ፣ በእግሩ ይቆማል። የመውጫው ሰዓት ከቀኑ አሥራ አንድ ነው፤ አውሬው ከጥላ የሚነሣበት ሰዓት። ባለፈው ዓመት ከወጡት ሠላሳ አንድ ዋሶች ሃያ ሁለቱ በደህና ተመልሰዋል። ይህ ቁጥር የተጻፈው ከማረፊያው የምግብ ዝርዝር በላይ ነው።

የዳግም ወንድም ወገቤን ያመኛል አለ። የሶልያና ወንድም ስልክ ማንሳት ተወ። ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል ዳግም ከመጀመሪያው ጀምሮ ያሰበውን ሰው ሊጠይቅ ወሰነ።

ጋሽ ኢዩኤል በአሳንሰር ክፍሉ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠራተኛ ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ጅማ አግብታ ትኖራለች። ክፍሉ ውስጥ ካለው ሰው ከግማሽ በላይ የተቀጠረው በእሳቸው ዋስትና ነው። ለቤት ኪራይም፣ ለፖሊስ ጣቢያም፣ ለዕድር መግቢያም እሳቸው ይፈርማሉ። ዳግም ምሳ ሰዓት ላይ ከፊታቸው ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

«አስቸግረኛ።»

«ዋስ እንዲሆኑኝ ነው። የፓርክ።»

ጋሽ ኢዩኤል ማንኪያቸውን ወደ ሳህኑ መለሱ። «የሸንኮሌ?»

«አዎ። ግን እኔን ያውቁኛል። አልወርድም። አንድ ወር ሙሉ ሳሎን ውስጥ ጠርሙስ ላይ ስሸና ነው የከረምኩት።»

አጠገባቸው የተቀመጠች የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ ትን አላት። «ጋሽ ኢዩኤል እኮ እምቢ የሚባለውን ቃል በልጅነታቸው አላስተማሯቸውም» አለች አፏን እየጠረገች። ገበታው ላይ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ኢዩኤልም ሳቁ። ከዚያ ሁሉም መልሳቸውን ጠበቀ።

«እንግዲህ አንተ ከጠየቅኸኝ» አሉ፤ «ምን እላለሁ። ለኔም ዕረፍት ነው።»

የዚያኑ ቀን ፈረሙ። ሲፈርሙ መነጽራቸውን አላደረጉም።

የካቲት ሁለት ቀን ሦስቱም በአውቶቡስ ሸንኮሌ ደረሱ። ጋሽ ኢዩኤል ኮትና ከረባት አድርገው ነበር። ለባልና ሚስቱ መንገድ ላይ የሚቆረጥሙት ዳቦ ቆሎ በፌስታል ይዘውላቸው መጥተዋል። የበሩ ኃላፊ ሄራን የምትባል ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ደንቡን ስታነብ ሆቴል ክፍል እንደምታስረክብ ሰው ነው።

«አቶ ኢዩኤል፣ ዋስ የሆኑት በራስዎ ፈቃድ ነው?»

«በራሴ ነው፣ እመቤቴ።»

«ጫማዎ ይሄ ነው? ባለማሰሪያ ቢሆን ይሻል ነበር። መሮጥ አይመከርም፤ ግን እንዲያው።» ከዚያ ወደ ዳግም ዞረች። «ምናልባት አንድ ነገር ቢፈጠር፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት እዚህ ከደረሱ ዋስዎን ተክተው መውጣት ይችላሉ። ይህም መብትዎ ነው።»

«አይፈጠርም» አለ ዳግም።

«ማንም ይፈጠራል ብሎ አይመጣም» አለች ሄራን፤ ቁልፉንም ሰጠችው። የመኪና ቁልፍ በእጁ ሲይዝ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን ዳግም ዕድሜውን ሙሉ የሚረሳው አይመስልም። መሪው ከድስት ክዳን ይከብዳል። ወደ ግራ ሲጠመዝዝ ምድሩ ሁሉ ወደ ቀኝ ይዞራል። ጉድጓድ ሳተ፣ ጉድጓድ ውስጥ ገባ፣ ወጣ። ቆርኬዎች አዩ፤ ሰጎን አዩ፤ የሜዳ አህያ መንጋ አቧራ አስነሥቶ መንገዱን አቋረጠ። ሶልያና ጭኑን እየመታች «ቀስ በል አንተ እብድ!» ትለዋለች፤ እየሳቀች ነው። ማታ መኪናው ውስጥ ወንበራቸውን አዘንብለው ተኙ። አንሶላው በመካከላቸው አልወረደም። ዝሆን ብቻ አልታየም።

በሁለተኛው ቀን ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ከበሩ ስልሳ አራት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ በደረቀ የወንዝ ሆድ ውስጥ አንድ ነጭ መኪና ቆሞ አገኙ። የፊት ጎማው እስከ ግማሽ አሸዋ ውስጥ ገብቷል። ወፍራም ሰውዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እጁን አወዛወዘ። አጠገቡ ሚስቱ፣ ኋላ ሁለት ትልልቅ ሴት ልጆች አሉ።

«ወንድሜ! እግዜር ነው የላካችሁ!»

ዳግም መኪናውን አጠገቡ አስጠግቶ አቆመ። መስኮትና መስኮት ተያዩ።

«ጎታች አልጠራችሁም?»

«ጠርተን ነበር። ነገ ጠዋት ነው የሚመጣው አሉን። ውሃችን አለቀ።»

ሶልያና መጠባበቂያውን ውሃ በመስኮት አቀበለቻቸው። ልጆቹ ተሻሙበት። ሰውዬው ጠጥቶ አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገና ወደ ፊት ጠቆመ።

«ገመድ አለኝ። አንዱን ጫፍ የኔ መንጠቆ ላይ፣ አንዱን ያንተ ላይ ማሰር ብቻ ነው። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም።»

«አንተ ለምን አትወርድም?» አለች ሶልያና።

ሰውዬው ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰላት። «ዋሴ እናቴ ናት።»

ኋላ የተቀመጡት ልጆች በየተራ ዳግምን ያዩታል። ውሃ አግኝተዋል፤ ጎታቹ ነገ ይመጣል፤ በመኪና ውስጥ እስካሉ ድረስ የሚነካቸው የለም። ዳግም ይህን ሁሉ ያውቃል። ሶልያናም ክንዱን ይዛ ነበር።

«ጥለኸን ልትሄድ ነው?» አለ ሰውዬው፤ ቁጣ የለውም፤ ማመን እንዳቃተው ሰው ነው። «እዚህ በረሃ ላይ? ወንድሜ?»

የቆመ መኪና መግፋት ከሀገሩ ከቀረ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። እምቢ ማለት ግን ገና አልመጣም። ዳግም «ሦስት ደቂቃ» አለና በሩን ከፈተው። የመኪናው ሰዓት ቆጣሪ በቀይ ቁጥር መቁጠር ጀመረ።

መንጠቆው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ስለነበር በእጁ መቆፈር ነበረበት። ገመዱ መጀመሪያ ጊዜ ተፈታ። ሶልያና ከውስጥ ቁጥሩን ትጮህለታለች፦ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ተኩል። ተመልሶ ሲገባና በሩ ሲዘጋ ቁጥሩ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ጎተተ፤ ነጩ መኪና ተንፏቆ ወጣ። ገመዱም በመጨረሻው ጉተታ ተበጠሰ። ሰውዬው «እግዜር ይስጥልኝ! ልጆችህ ይደጉልህ!» ብሎ ጮኸ፤ እንደገና እንዳይሰምጥም ሳይቆም ሄደ።

መልእክቱ አቧራው ሳይረግፍ ደረሰ። «ዋስዎ አቶ ኢዩኤል ዛሬ ከቀኑ 11 ሰዓት ለ90 ደቂቃ ይወጣሉ። መተካት ይችላሉ። መልካም ጉብኝት።»

ሰዓቱ ሰባት ከሃያ አምስት ነበር። የፓርኩ የፍጥነት ወሰን በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው። ዳግም አሰላው፤ ሶልያናም አሰላችው፤ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይደረሳል። አዞረና ወደ መጡበት ጀመረ።

«ልትተካቸው ነው?» አለች ከብዙ ጊዜ በኋላ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔማ ጠየቅሁህ እንጂ ምን አልኩ።»

«እኔ ነኝ የወረድኩት።»

«አዎ። እኔ አትውረድ ብዬህ ነበር?»

«ክንዴን ይዘሽኝ ነበር።»

«አልጎተትኩህም ግን» አለች፤ ወደ መስኮቱም ዞረች።

ከሠላሳ ሁለቱ ሰዎች ሃያ ሁለት፣ አለ ዳግም በልቡ፤ ከዚያ ሠላሳ አንድ መሆኑ ትዝ አለው። ይሄ ከሦስት ሁለት ማለት ነው፤ እንዲያውም ይበልጣል። ደግሞ ዘጠና ደቂቃ ረጅም አይደለም። ሦስት መቶ ደቂቃ የቆሙም ነበሩ ይባላል። የፍጥነት መለኪያውን ሲያይ አሥራ ስምንት ላይ ነው። መንገዱ መጥፎ ነው ብሎ አሰበ። መንገዱ ትናንት በሠላሳ የሄደበት መንገድ ነው። ሶልያናም መለኪያውን አየች፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ተመለሰች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝሆኖቹን አገኙ። አሥራ ሰባት ነበሩ፤ ከግራር ጥላ ሥር ጆሯቸውን እያራገቡ ቆመዋል። አንዲት እናት ግልገሏን በሆዷ ሥር ከልላለች። ዳግም መኪናውን አጠፋው። ሶልያና እጇን አፏ ላይ አድርጋ እንባዋ ፈሰሰ፤ ይህን ለማየት ስድስት ዓመት ጠብቃለች። ትልቁ ዝሆን ግንዱን ተደግፎ ቀስ እያለ ጎኑን አከከ፤ ድምፁ መኪናው ድረስ ይሰማ ነበር።

«ፎቶ አንሺ» አላት።

አነሣች። ከዚያ ደግሞ አነሣች። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ አንዳቸውም እንሂድ አላሉም። በአርባኛው ደቂቃ ዝሆኖቹ ራሳቸው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ የመንገዱ ነገር ዳግምን አሳፈረው። አሸዋ ይይዘናል ያለበት ቦታ ጠንክሮ ጠበቀው፤ ጎማ ይፈነዳል ብሎ የፈራበት ድንጋያማ ቁልቁለት ያለ ችግር አለፈ። መንጋ መንገድ አልዘጋም። የበሩ ማማ ከሩቅ ሲታይ ሰዓቱ አሥር ከአርባ ነበር፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ደግሞ አሥር ከሃምሳ ሁለት።

ጋሽ ኢዩኤል በማረፊያው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ኮታቸውን አውልቀው አጥፈው ወንበር ላይ አኑረውታል፤ በሸሚዛቸው ላይ ዋስ ሲወጣ የሚለብሰውን ብርቱካናማ ሰደርያ አድርገዋል፤ ከረባታቸው ከውስጥ ይታያል። ሌሎች ዋሶችና ጎብኚዎች በረንዳውን ይዘው ወደ ሜዳው ይመለከታሉ። ባልና ሚስቱን ሲያዩ ጋሽ ኢዩኤል ብድግ አሉ።

«ደህና ገባችሁ? ዝሆኑን አያችሁ?»

«አየን» አለች ሶልያና።

«ተመስገን። እሱን ነው ስጸልይላችሁ የነበረው።»

ሄራን ከክፍሏ ወጣች። «አቶ ዳግም፣ ስድስት ደቂቃ አለን። ይተካሉ?»

«አዎ» አለ ዳግም። «እኔ እወጣለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።» ሲናገረው እውነቱን ነበር።

«ተው እንጂ!» አሉ ጋሽ ኢዩኤል፤ እጃቸውን ደረቱ ላይ አድርገው ወደ ኋላ ገፋ አደረጉት። «ምን ነካህ? አንተ ባለ ልጆች ነህ። የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«አይሆንም ጋሼ። በፍጹም።»

«ስሞትልህ ተው። አንድ ሰዓት ተኩል ቆሜ መምጣት ነው። በሠርግ ቤትም እንቆማለን።» በረንዳው ላይ የነበሩት ሳቁ።

«ጋሼ፣ በልጅዎት፣ በማክቤል ይዤዎታለሁ፤ እኔ ልውጣ።»

«እኔ ልሙት አትወጣም!» አሉ ጋሽ ኢዩኤል። ይህን ሲሉ ግን ግራ እጃቸው የሰደርያውን ዚፕ ይዞ ነበር፤ እስከ ግማሽ ወደ ታች አውርደውታል።

በረንዳው ላይ ነገሩ የማይገባው ሰው አልነበረም። ለምግብ ሲለመን ጠግቤያለሁ ያላለ፣ ደግሞም ያላለ፣ በሦስተኛው በሞቴ ሲባል ያልተቀመጠ ማን አለ? ጋሽ ኢዩኤል ከከለከሉ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተለምነዋል። የቀረው አንድ ነው። ጋሽ ኢዩኤል ፈገግ ብለው ዳግምን ያዩታል፤ ጣታቸው ዚፑ ላይ ነው። ሄራን እንኳ ሰዓቷን አየች። መጠበቅ ደንቡ ላይ የለም፤ ግን ትጠብቃለች።

ዳግም አፉን ከፈተ። የሶልያና መዳፍ ጀርባው ላይ እንዳረፈ ተሰማው። አልገፋውም፤ አልሳበውም።

«እንግዲህ» አለ ዳግም፤ «እምቢ ካሉኝ ምን አደርጋለሁ።»

ጋሽ ኢዩኤል ትንሽ ቆዩ። ፈገግታቸው ከፊታቸው አልጠፋም።

«አዎ» አሉ። «አዎ፤ እሱ ነው የሚሻለው።» ዚፑንም ወደ ላይ መለሱት። እጃቸው ጫፉ ላይ ሁለት ጊዜ ስቶ ነበር፤ ሄራን ጎንበስ ብላ ዘጋችላቸው።

«ዋሱ በራሳቸው ፈቃድ ወጥተዋል» አለች በእጇ ለያዘችው የድምፅ መቅረጫ። «አቶ ዳግም፣ ፈቃዳችሁ ገና አንድ ቀን ይቀረዋል። ትመለሳላችሁ ወይስ እዚህ ትቆያላችሁ?»



በሩ ተከፈተ። ጋሽ ኢዩኤል ጫማቸውን ከአቧራው እያነሡ፣ ወደ ቢሮ እንደሚሄዱበት አካሄድ፣ ወጡ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ። ፀሐይዋ ከፊታቸው ስለነበረች ጥላቸው ረዝሞ እስከ አጥሩ ይደርስ ነበር። ስልሳ እርምጃ ያህል ሄደው፣ ለመቆሚያ የተተከለው ነጭ ድንጋይ አጠገብ ሲደርሱ፣ ዞር ብለው ወደ በረንዳው ተመለከቱ። የደጁን እጀታ ይዞ፣ ባለቤቱ ይጠራኝ ይሆን ብሎ ዘግየት እንደሚል እንግዳ ቆሙ። ሰዓቱ ገና አንድ ደቂቃ ይቀረዋል።

ዳግም ወደ አጥሩ ተጠግቶ እጁን አውለበለበላቸው።

ጋሽ ኢዩኤል ሰላምታ ሳይመልሱ የሚቀሩ ሰው አልነበሩምና እጃቸውን አነሡ።